ለፍቅረኛዬ ኩኪስ ልጋግር ብዬ ቤቱ ክትፎ ክትፎ ሸተተ

ጤና ይስጥልኝ፣

አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍልዎ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ ሊሞላ ነው። ጎፋ አካባቢ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ባንክ ቤት የምትሠራ ፍቅረኛ አለችኝ፤ አብረን ከሆንን ሰንበትበት ብለናል።

የፍቅረኞች ቀን ሲደርስ እንደ ሰው ሁሉ ቀይ አበባና ቸኮሌት ገዝቼ እሰጣታለሁ። ቸኮሌቱን አመስግና ትቀበልና ለእህቷ ልጆች ታከፋፍላለች። ጣፋጭ ብዙም አትወድም። ቡና ራሱ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው። ዘንድሮ ታዲያ በገዛ እጄ የልብ ቅርጽ ያለው ኩኪስ ጋግሬ፣ ላዩን በቀይና በነጭ አይሲንግ (የስኳር ቅብ) አስጊጬ ልስጣት ብዬ ተነሳሁ።

ባለፈው እሑድ ለሙከራ ጋገርኩ። አሠራሩን ያየሁት ዩቲዩብ ላይ ነው፣ የውጭ አገር ሰዎች ሲሠሩ። «ቅቤ» ይላል። ፍሪጅ ውስጥ ቅቤ ነበር፤ አነሳሁና ጨመርኩ። ለካ የእማዬ ንጥር ቅቤ ኖሯል! ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው፣ አብሹ፣ ምን የቀረው አለ። ቤቱ በሙሉ ክትፎ ክትፎ ሸተተ። ልቦቹ ደግሞ ኦቨን ውስጥ ተዘርግተው እርስ በርስ ተጣበቁና አንድ ትልቅ ቂጣ ሆነው ወጡ። ገና ትኩስ እያሉ አይሲንጉን ብቀባው ፈስሶ ትሪው ላይ ቀረ። እማዬ ቀመሰችና «ይሄንንስ ከአይብ ጋር አቅርብላት» ብላ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ «ወንድ ልጅ ማጀት ውስጥ ምን ያንጎዳጉደዋል? ገዝተህ ስጣት» አለችኝ።

ጓደኞቼ የባሰ አስፈሩኝ። «ሰው እራት ሲጋብዝ አንተ ብስኩት ይዘህ ልትሄድ ነው? ቋጣሪ ነው ትልሃለች» ይሉኛል።

ሌላም ጣጣ አለ። እሷ ጾም ላይ ቀልድ አታውቅም። የዘንድሮው የፍቅረኞች ቀን ቅዳሜ የካቲት 7 ቀን 2018 ነው፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ ሰኞ የካቲት 9 ይገባል። የቅቤ ኩኪስ ብሰጣት በሁለት ቀን ካልጨረሰችው ሊጣል ነው ማለት ነው።

ልተወው ወይስ ልግፋበት? የዚያን ቀን እንድታገባኝ ልጠይቃትም አስቤያለሁ። ቀለበቱን ከኩኪሶቹ በአንዱ ውስጥ ደብቄ ብጋግረውስ?

ዱቄት የለበሰው፣ ከጎፋ

*

ወንድሜ፣

በእናትህ ቀልድ ስቄ ሳልጨርስ ነው ይህን መልስ የጀመርኩት። ግፋበት። ግን ያሰብከውን ኩኪስ አይደለም፤ ሌላ።

ቋጣሪ ስለመባል አትጨነቅ። ቸኮሌቱ የት እንደሚደርስ አንተው ነግረኸኛል። እስካሁን ገንዘብህን ስታወጣ የኖርከው ለእህቷ ልጆች ነው። አሁን ደግሞ ላዩ በስኳር የተለሰነ፣ ሰኞ ጾም ሲገባ የማትነካውን ኩኪስ ከሰጠሃት ያው ቸኮሌቱ ነው፤ ልዩነቱ አንተ መልፋትህ ብቻ። ቡናዋን ያለ ስኳር የምትጠጣ ሴት ናት። ጾሟን የምታከብር ናት። ሁለቱን ይዘህ ጋግር። ያኔ ከጓደኞችህ እራት ይልቅ ያንተ ስጦታ ስለ እሷ የታሰበበት መሆኑ ያለ ማብራሪያ ይገባታል።

አበባውን አትተው፤ አንድ ዘንግ ይበቃል። በነገራችን ላይ፣ የሆለታና የዝዋይ ጽጌረዳ ለዚሁ በዓል በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ኔዘርላንድስ ሲጎርፍ፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር አንድ ዘንግ የሚጠራበት ዋጋ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

አሁን ወደ ሊጡ እንምጣ። ልቦችህ የተዘረጉት እጅህ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ዩቲዩብ ላይ የምታየው አሠራር ግን በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ቤኪንግ ፓውደር የሚፈጥረው ጋዝ ከሚገባው በላይ ይነፋና ሊጡ ሳይጸና ይዘረጋል። በዚያ ላይ ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ አላሳረፍከውም፤ ባትነግረኝም ያስታውቃል። ቅቤው ለስልሶ ኦቨን የገባ ሊጥ ቅርጽ አይዝም።

ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደር የሌለው፣ እንቁላል የሌለው፣ ወተት የሌለው ሊጥ ሥራ። ልኩ ቀላል ነው። ስኳር አንድ እጅ፣ ቅቤ ሁለት እጅ፣ ዱቄት ሦስት እጅ፤ ሁሉም በክብደት። 100 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም የጾም ቅቤ፣ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ቆንጠር ያለ ጨው። ሚዛን ከሌለህ የሰፈር ባለሱቅ ይመዝንልሃል። የጾም ቅቤውን ስትገዛ ጀርባውን አንብብ፤ ወተት የገባበት ማርጋሪን አለ።

ቅቤውንና ስኳሩን አዋህድ፤ ከዚያ ዱቄቱን ጨምር። ሊጡ ሲያያዝ ተው፣ እንደ ዳቦ አትሸው። አብዝተህ ካሸኸው ይደርቃል። ከዚያ ለሁለት ክፈለው። በአንዱ ግማሽ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ በጣም የላመ ቡና ጨምር። በሌላው የብርቱካን ልጣጭ ፍቀህ ጨምርበት፤ ብርቱካናማውን ብቻ፣ ነጩ ይመራል። የቡናውን እንደምትወደው ከወዲሁ እወራረዳለሁ። በላስቲክ ጠቅልለህ ፍሪጅ ውስጥ ለ30 ደቂቃ አሳርፈው።

የልብ ቅርጽ ማውጫ ፍለጋ መርካቶ አትዙር። ወረቀት ለሁለት አጥፈህ ግማሽ ልብ ቁረጥ፤ ስትዘረጋው ሙሉ ይሆናል። እሱን ካርቶን ላይ ገልብጠህ ቁረጥና በቢላ ጫፍ ዙሪያውን ተከተል። ሊጡን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላይ ዳምጠው። የቆረጥካቸውን እንደገና ለ15 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ክተታቸው። ይህቺን ነገር ሰነፍ ሁሉ ይዘላታል፤ ቅርጹን የምትጠብቀው ግን እሷ ናት። ኦቨኑን አስቀድመህ 170 ዲግሪ ላይ አሙቀው፤ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ጠርዙ ወርቅማ ሲሆን አውጣ። መሐሉ ለስላሳ ቢመስልህ አትደንግጥ፤ ትሪው ላይ ሲበርድ ይጠነክራል።

መብራትን አትመናት። ሐሙስ ማታ ጋግር፤ ኩኪሱ በተከደነ ዕቃ ከሳምንት በላይ ይቆያል። መሐል ላይ ከጠፋብህ የኦቨኑን በር አትክፈት። ያለው ሙቀት ሥራውን ሊጨርሰው ይችላል።

አይሲንጉን ዓርብ ማታ። ኩኪሱ ፍጹም መብረድ አለበት። በተለምዶ በእንቁላል ነጭ ይመታል፤ አንተ ግን በሎሚ ሥራው። 200 ግራም የላመ ስኳር በወንፊት ንፋ። ከገበያ ካጣህ ተራ ስኳር በቡና መፍጫ ማላም ይቻላል፤ መጀመሪያ መፍጫውን በደንብ ጥረግ እንጂ። በሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ውኃ ጀምር፤ ከዚያ በኋላ በጠብታ ብቻ። ለቀዩ በውኃው ፈንታ ከተፈቀፈቀ ቀይ ሥር የተጨመቀ ጭማቂ አድርግ። ደማቅ ሮዝ ይሰጥሃል፤ እንደ ሱቁ ቀለም ደም የመሰለ ቀይ አይሆንም፣ ለእኔ ግን ያ ነው የሚያምረው። ልኩን ለማወቅ በቢላ መሐሉን ስንጠቀው። መስመሩ በ10 ሰከንድ ገደማ ከጠፋ ለመሙላት ደርሷል። ለጠርዙ ከዚያ ወፈር ያለውን ተጠቀም። ጠንካራ ላስቲክ ውስጥ ጨምረህ ጫፉን የመርፌ ቀዳዳ ያህል ቁረጥ፤ መጀመሪያ ጠርዙን አጥር፣ ከዚያ መሐሉን ሙላ።

ሁሉንም ግን አትቀባ። ጣፋጭ የማትወድ ሰው ናት ብለናል። ግማሾቹን ባዶ ተዋቸው፤ ጥቂቱን ጠርዛቸውን ብቻ አስምር። ግጥም ለመጻፍም አትሞክር፤ ፊደላችን በአይሲንግ አይቻልም፣ «ኛ»ን ሞክረህ ታየዋለህ። እስኪደርቅ ሌሊቱን ሙሉ ሳትደራርብ ዘርጋው። የካቲት ደረቅ ወር ስለሆነ በዚህ ዕድለኛ ነህ።

እናትህን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የጨረስክባቸውን ንጥር ቅቤ ተካ። ዋጋውን ሳታውቀው አትቀርም። ስለ ማጀቱ ነገር አትከራከራቸው። በየዳቦ ቤቱና በየኬክ ቤቱ ሌሊት ሊጥ ሲያቦኩ የሚያድሩት ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፤ እሳቸውም ከእነዚያ እጅ ነው ዳቦ የሚገዙት። ይልቅ መዳመጫውን አስይዛቸው። የልጃቸውን ፍቅረኛ ኩኪስ አብረው ከሠሩ በኋላ ማንም እንዲያማት አይፈቅዱም።

ቀለበቱን ግን በጭራሽ አትጋግረው። ወይ ጥርሷን ትሰብራለች፣ ወይ ትውጠዋለች፣ ወይም እንደ ልማዷ ሳጥኑን እንዳለ ለልጆቹ ትሰጠዋለች። ፈርጡ የወሎ ኦፓል ከሆነ ደግሞ በሙቀቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቡና አፍሉ፣ ኩኪሱን ብሉ፣ ቀለበቱን ከኪስህ አውጥተህ በአፍህ ጠይቃት። እሺ ካለችህ ሽማግሌ ለመምረጥ አትዋከብ። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ እስከዚያ በጾም ሰርግ ስለማይደገስ ጊዜ አላችሁ።