ኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ በ20 ዶላር ለገዛችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ላላዩት አባላት ላሳጥረው። ከጋራዥ ሴል የቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ ከአንድ ካርቶን ፊልም ጋር በ20 ዶላር ገዝታለች። ፊልሞቹን ቤት ያለው ብሉ ሬይ ማጫወቻ ላይ ብትሞክራቸው አንዱም እሺ አላላትም። ለምን አይነበቡም? ይሄ ነገር ለምን ከገበያ ጠፋ? ደግሞስ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ብልከው ይሰራለታል ወይ? ነው ያለችው።

ኤችዲ ዲቪዲና ብሉ ሬይ ተራውን ዲቪዲ ለመተካት የተፎካከሩ፣ ጥራቱ ከፍ ያለ ፊልም የሚይዙ ሁለት የዲስክ ዓይነቶች ናቸው፤ አንዱን ቶሺባ፣ ሌላውን ሶኒ ይዘው ተጣሉ። በነዚያ ዓመታት እዚሁ ቨርጂኒያ አንድ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ውስጥ ቲቪ ክፍል ሻጭ ነበርኩ። ፀቡን በየቀኑ ከደንበኛ አፍ እየሰማሁ ነው ያሳለፍኩት። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

የብሉ ሬይ ማጫወቻሽ ጤነኛ ነው፣ አትስጊ። ብሉ ሬይ ኤችዲ ዲቪዲን አያነብም፣ ኤችዲ ዲቪዲም ብሉ ሬይን አያነብም። ሁለቱም 405 ናኖሜትር የሆነ ሰማያዊ ሌዘር ነው የሚጠቀሙት። የተራው ዲቪዲ ሌዘር ቀይ ነው፣ 650 ናኖሜትር። የሞገዱ ርዝመት ሲያጥር ጨረሩ የሚያርፍባት ነጥብ ትጠባለች፣ እዚያው ዲስክ ላይ ብዙ መረጃ ይገባል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ አንድ ናቸው። የሚለያዩት መረጃው ዲስኩ ውስጥ የተቀበረበት ጥልቀት ላይ ነው። ኤችዲ ዲቪዲ እንደ ተራው ዲቪዲ 0.6 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ፣ መሃል ላይ ነው የተቀመጠው። ብሉ ሬይ ግን ከገጹ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ሌንሶቹም በዚያው ልክ ይለያያሉ።

ከዚህች ከግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ነው ጣጣው ሁሉ የመጣው። ብሉ ሬይ መረጃውን ወደ ላይ ስላቀረበ በአንድ ንብርብር 25 ጊጋባይት ይይዛል፣ በሁለት 50። ኤችዲ ዲቪዲ 15 እና 30 ነው። ግን ገጹ አጠገብ ያለ መረጃ ትንሽ ጭረት ትጎዳዋለች። ጃፓን በ2003 የወጡት የመጀመሪያዎቹ የብሉ ሬይ ዲስኮች እንዲያውም ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ገብተው ነበር የሚሸጡት፤ በኋላ ነው ጠንካራ ሽፋን ተገኝቶላቸው ራቁታቸውን የወጡት። ኤችዲ ዲቪዲ ግን አሰራሩ ከዲቪዲ ብዙም ስለማይርቅ፣ ድሮ ዲቪዲ ያትሙ የነበሩ ፋብሪካዎች ማሽናቸውን ትንሽ ነካክተው ማተም ይችሉ ነበር። ርካሽ ነው ማለት ነው። ቶሺባም የያዘው ክርክር ይሄው ነበር፣ እና ክፉ ክርክር አልነበረም።

በ2005 ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት ዲስክ ለመስራት ተነጋግረው ነበር። አልተስማሙም። ከዚያ እንግዲህ ጉድ ፈላ።

በሚያዝያ 2006 የቶሺባ ማጫወቻ አሜሪካ ገበያ በ499 ዶላር ገባ። የመጀመሪያው የሳምሰንግ ብሉ ሬይ ከሁለት ወር በኋላ መጣ፣ ዋጋው 999 ዶላር። እጥፍ! ያኔ ብትጠይቂኝ ማን ያሸንፋል ብዬ እንደምመልስ ግልጽ ነው፣ አብረውኝ የሚሰሩት ሁሉ ያሉትም ያንኑ ነው። ምስሉን ጎን ለጎን አድርገን እናያለን፣ ልዩነቱን ማንም አይለየውም፤ እንዲያውም የመጀመሪያዎቹ ብሉ ሬይ ፊልሞች ጥራታቸው ደከም ያለ ነበር። ስለዚህ እስከዛሬ «ብሉ ሬይ ያሸነፈው ምስሉ ስለሚበልጥ ነው» የሚል ሰው ስሰማ አልዋጥልህ ይለኛል። ደንበኛ በጊጋባይት ሲገዛ አላየሁም። የሚጠይቀው «የምወደው ፊልም በየትኛው ነው ያለው?» ብሎ ነው።

እና ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የሻጭን ነፍስ ያወጣ ነበር። የፊልም ኩባንያዎቹ ተከፋፍለው ነበር። ዩኒቨርሳል ኤችዲ ዲቪዲ ብቻ። ሶኒ ፒክቸርስ፣ ዲዝኒ፣ ፎክስ ብሉ ሬይ ብቻ። ዋርነር በሁለቱም ያወጣል። ፓራማውንት መጀመሪያ በሁለቱም ያወጣ ነበር፣ ነሐሴ 2007 ላይ ከድሪምወርክስ አኒሜሽን ጋር ሆኖ ብሉ ሬይን ትቶ ወደ ኤችዲ ዲቪዲ ዞረ፤ ለሁለቱ በድምሩ ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር እንደተከፈላቸው ጋዜጦቹ ጽፈዋል። ደንበኛው ታዲያ ምን ያድርግ? ሁለት ማሽን ይግዛ? ኤልጂ ሁለቱንም የሚያነብ አንድ ማጫወቻ በ2007 አምጥቶ ነበር፣ ዋጋው ግን ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ሰዉ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ «እስኪለይላቸው እጠብቃለሁ» ብሎ ተራ ዲቪዲ ይዞ ይወጣል። አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነበር። ማስታወቂያ፣ ቅናሽ፣ ነፃ ፊልም፣ ምንም አላንቀሳቀሰውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ፍርዱን የሰጠው የሶኒው ጌም ማሽን፣ ፕሌይስቴሽን 3 ነው ባይ ነኝ።

ኅዳር 2006 ላይ ሲወጣ 499 እና 599 ዶላር ነበር፣ ሰዉ ተወደደ ብሎ ሲጮህ ትዝ ይለኛል። ግን ውስጡ ብሉ ሬይ ማጫወቻ አለ። ለብቻው የሚሸጠው ብሉ ሬይ ከዚያ በላይ ነው የሚያወጣው። ሶኒ ማሽኑን በኪሳራ ነበር የሚሸጠው። ልጅ ጌም ብሎ ያስገዛዋል፣ አባት ፊልም ያይበታል። ሐበሻ ደንበኛ ሲመጣብኝ፣ በተለይ ቤቱ ጎረምሳ ካለ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ይዘው ይሂዱ፣ ሁለት ነገር ነው የሚገዙት» እል ነበር። አለቃዬ ለብቻው ያለውን ማጫወቻ እንድሸጥ ነበር የሚፈልገው፣ ያ የሱ ጉዳይ ነው። ሶኒ እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ ከ10 ሚሊዮን በላይ ፕሌይስቴሽን 3 በዓለም ዙሪያ አሰራጭቷል። ይሄ ሁሉ ቤት፣ ባለቤቱ ፈለገም አልፈለገም፣ ብሉ ሬይ ማጫወቻ አለው ማለት ነው።

በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት ኤችዲ ዲቪዲን እደግፋለሁ ይላል፣ የራሱ ጌም ማሽን ኤክስቦክስ 360 ውስጥ ግን አላስገባውም። በ199 ዶላር ለብቻው የሚገዛ፣ በሽቦ የሚቀጠል ሳጥን ነበር ያወጣው። ደንበኛው ጌሙን ገዝቶ፣ ተመልሶ መጥቶ ሌላ 199 ዶላር እንዲጨምር ነው የተጠበቀው። ማን ይጨምራል? በመጨረሻ ሲቆጠር የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻና የኤክስቦክስ ቅጥያው ተደምሮ ወደ አንድ ሚሊዮን ነው የሆነው።

ሌላም ነገር አለ። ሶኒ በድሮው የቪዲዮ ክር ዘመን ቤታማክስ የሚባለው የራሱ ካሴት በቪኤችኤስ ካሴት ተሸንፎበት ነበር። ከዚያ በኋላ በ1989 ኮሎምቢያ ፒክቸርስን ገዛ፣ ስለዚህ በዚህኛው ፀብ ሲገባ የራሱ ፊልም ነበረው። ቶሺባ ማሽን ሰሪ ነው፤ ፊልም ከሰው መለመን ነበረበት። ፎክስ ደግሞ ብሉ ሬይን የመረጠበት አንዱ ምክንያት ተጨማሪ የኮፒ መከላከያ ስላለው ነው።

ቶሺባ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ ዋጋ ሰበረ። ኅዳር 2007 መጀመሪያ ላይ ዋልማርት የቶሺባን ኤችዲ-ኤ2 በ98 ዶላር ከ87 ሳንቲም ሸጠው። ያን ሰሞን የነበረው ግርግር ሌላ ነው! ምናልባት ያንቺም ማሽን ያኔ የተገዛ ይሆናል፣ ከኋላው ሞዴሉን እዪው። እኛም ጋ ሰው እየመጣ «ዋልማርት በመቶ እየሸጠ እናንተ ለምን ትዘርፋላችሁ» ይለን ነበር። ለሁለት ወር ያህል ኤችዲ ዲቪዲ ያንሰራራ መሰለ።

ከዚያ ጥር 4 ቀን 2008 መጣ። ዓርብ ቀን። ዋርነር «ከግንቦት መጨረሻ በኋላ ብሉ ሬይ ብቻ» አለ። ላስ ቬጋስ የሚደረገው ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ሊከፈት ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ የኤችዲ ዲቪዲ ቡድን እዚያ የጠራውን ጋዜጣዊ መግለጫ ሰረዘው። በሁለቱም የሚያወጣው ትልቁ ስቱዲዮ ወደ አንዱ ሲያዘነብል ሚዛኑ ላይ የቀረ ነገር የለም። የዋርነር ሰዎች የሰጡት ምክንያት እኛ መደብር ውስጥ በየቀኑ የምንሰማውን ነው፤ ገዢው ግራ ስለገባው አይገዛም፣ ይሄ ደግሞ ሁሉንም እየጎዳ ነው።

ቶሺባ በዚያው ወር መደበኛ ዋጋውን እንደገና ቀነሰ፣ ርካሹን ማጫወቻ ወደ 150 ዶላር አወረደው። አልረዳውም። በየካቲት ኔትፍሊክስ ብሉ ሬይ ብቻ ነው የምገዛው አለ (ያኔ ዋና ሥራው ዲስክ በፖስታ ማከራየት ነበር)፣ ቤስት ባይ ለደንበኞቼ የምመክረው ብሉ ሬይን ነው አለ፣ ከቀናት በኋላ ዋልማርት ኤችዲ ዲቪዲን ከመደርደሪያዬ አወጣለሁ አለ። ፊልም አከራዩ ብሎክበስተር ከዚያ በፊት፣ በ2007 አጋማሽ፣ ለአብዛኞቹ ሱቆቹ ብሉ ሬይ ብቻ ብሎ ወስኖ ነበር። የካቲት 19 ቀን 2008 የቶሺባ ፕሬዚዳንት አትሱቶሺ ኒሺዳ ቶኪዮ ላይ ወጥተው ማምረት እናቆማለን አሉ። በቃ፣ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

እኛ ጋ በማግስቱ ደረሰኝ ይዞ የሚመጣው ሰው ብዛቱ! ገና በገና ሰሞን ነው የገዙት። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ይስቃል። ቤስት ባይ ከሱ ለገዙት የ50 ዶላር ካርድ ሰጠ። ዋርነርም ቆየት ብሎ የኤችዲ ዲቪዲውን የሽፋን ወረቀት ለላከለት ሰው ብሉ ሬይ በ4 ዶላር ከ95 ይልክ ነበር፣ ይሄ ጨዋ አሰራር ነው። የሚገርመው ደግሞ ቀዩ የኤችዲ ዲቪዲ ፊልም ሳጥን በሦስትና በአምስት ዶላር ሲራገፍ፣ ከዚያ በፊት ዞር ብለው ያላዩት ሰዎች በክንዳቸው ታቅፈው ሲወጡ ማየቴ ነው። ያንቺ ካርቶን ውስጥ ያሉትም ከነዚያ ቢሆኑ አይገርመኝም። ቶሺባ ራሱ በ2009 ብሉ ሬይ ማጫወቻ መስራት ጀመረ።

አገር ቤት ይሄ ሁሉ ወሬ አልደረሰም። ያኔ አዲስ አበባ የአማርኛ ፊልም በቪሲዲ ነበር የሚሸጠው፣ የፈረንጁ በተቀዳ ዲቪዲ። እዚህም የሐበሻ ግሮሰሪ ውስጥ ቪሲዲና ዲቪዲ ብቻ ነው የነበረው። ከዚያ ፍላሽ መጣ፣ ሌላው ተረሳ።

አሁን የወንድምሽ ጉዳይ። አንድ መልካም ነገር አለ፤ ኤችዲ ዲቪዲ የአገር ክልል ቁልፍ የለውም፣ ከአሜሪካ የተገዛው ፊልም የትም ይሰራል። ብሉ ሬይ እንደዚያ አይደለም፤ አሜሪካ ክልል ኤ ነው፣ ኢትዮጵያ ክልል ቢ። ተራ ዲቪዲም ቢሆን አሜሪካ 1፣ ኢትዮጵያ 5 ነው፣ ምንም እንኳ አዲስ አበባ የሚሸጡት የቻይና ማጫወቻዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም ቢያነቡም። ግን መብራቱስ? አሜሪካ የተገዛ ማሽን 120 ቮልት ነው፣ አገር ቤት 220። ከኋላው የተጻፈውን ሳታዪ ማንም እንዳይሰካው። ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ እሱ ደግሞ ሌላ ክብደት ነው። ሌንሱ ከደከመ መለዋወጫ የለም፣ አዲስ ፊልምም አይወጣለትም። በኔ ይሁንብሽ፣ የሻንጣ ኪሎሽን አትጨርሺበት። ለወንድምሽ ሌላ ነገር ውሰጂለት።

ለራስሽ ግን 20 ዶላሩ አልከሰረም። ተራ ዲቪዲ በጣም አሳምሮ ነው የሚያሳየው፣ በኤችዲኤምአይ ካገናኘሽው። ዲስኮቹን አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው አጫውቺያቸው፣ ምክንያቱም አንዳንዶቹ ከዕድሜ ብዛት መሃል ላይ ይቆማሉ፤ ላይ ላዩን ንጹህ ናቸው ብለሽ አትመኚያቸው። ሁለት ፊት ያላቸውን ለይተሽ አስቀምጪ፣ በአንዱ ፊት ኤችዲ ዲቪዲ በሌላው ተራ ዲቪዲ የሆኑ ነበሩ፤ እነዚያ ማጫወቻው ቢሞት እንኳ በዲቪዲው በኩል ብሉ ሬይሽ ላይ ይሰራሉ። ኮምፒውተር ላይ ማየት ከፈለግሽ ደግሞ ኤልጂ በዚያን ዘመን የሰራቸው ሁለቱንም የሚያነቡ ድራይቮች አሉ፣ ጂጂደብሊው-ኤች20ኤል የሚባለውን ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ፈልጊ። ሪሞቱ ከሌለ ንገሪኝ፣ እኔ ጋ አንድ የቶሺባ አለ፣ ለማሽንሽ ከሆነ ትወስጂዋለሽ።