ታኮማ ፓርክ ውስጥ አሮጌ ቤት ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ተከራይታችሁ ትኖራላችሁ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ድንበር ላይ ባለችው የሜሪላንድ ከተማ ታኮማ ፓርክ ውስጥ በ1920ዎቹ የተሠራ ቤት ወዳችኋል፣ የቤት ሽያጭ ኤጀንቱ «ቶሎ በሉ ይሸጣል» ይላል፣ ዘመድ ደግሞ «እዚያ ሰፈር መስኮት እንኳ በፈቃድ ነው የሚቀየረው፣ ይልቅ ወደ ፍሬድሪክ ውጡና አዲስ ቤት ግዙ» ይላል። እኔ መጀመሪያ ሜፕል አቬኑ ላይ ተከራይቼ፣ በኋላ እዚያው ከተማ ውስጥ አሮጌ ቤት ገዝቼ የምኖር ሰው ነኝ። የማውቀውን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ዘመድሽ ያለው ግማሹ እውነት ነው። ታኮማ ፓርክ ውስጥ ቤት ስትገዢ ደንቡንም አብረሽ ነው የምትገዢው። ሰዎች የሚማረሩት ቤቱ ስለከፋባቸው ሳይሆን ደንቡን ከክሎዚንግ (ግዢው ተፈርሞ ካለቀ) በኋላ ስለሚያውቁት ነው።

ሰፈሩ የተቆረቆረው በ1883 ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጊልበርት የሚባል የመሬት ነጋዴ የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ መሬት ሸንሽኖ፣ ከዋሽንግተን ሙቀት ራቅ ብለው በባቡር እየተመላለሱ መሥራት ለሚፈልጉ ሰዎች ሸጠ። በረንዳቸው ዙሪያውን የሚዞር ትልልቆቹ የእንጨት ቤቶች የዚያ ዘመን ናቸው። እናንተ የወደዳችሁት ዓይነት ዝቅ ያለ ባንጋሎ የኋለኛው ትውልድ ነው። በ1960ዎቹ በሰፈሩ መሀል አውራ ጎዳና ሊያልፍ ታቅዶ ነዋሪው ተነስቶ አስቀረው፤ ትግሉን ከመሩት አንዱ ሳም አቦት በ1980 ከንቲባ ሆነ። በ1983 ደግሞ ከተማዋ «ከኑክሌር ነጻ ቀጠና» ነኝ ብላ አወጀች። ሳቂ፣ እኔም ስሰማ ስቄያለሁ። ግን ጎረቤቶችሽ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሚሆኑ ከዚህ ይገባሻል። ለአንድ ዛፍ ማታ ስብሰባ የሚወጡ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው። ከቤቱ በፊት ካርታውን እዪ። አድራሻው «ታኮማ ፓርክ» ስላለ ቤቱ ከተማው ክልል ውስጥ ነው ማለት አይደለም። ፖስታው ታኮማ ፓርክ እያለው ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ያለ ቤት አለ። መንገድ ተሻግረሽ ደግሞ ዲሲ ነው፤ ታኮማ የሚባለው ሜትሮ ጣቢያ ራሱ ያለው ዲሲ ውስጥ ነው። ከተማዋ ራሷ እስከ 1997 ድረስ በሁለት ካውንቲ ተከፍላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ሞንጎመሪ ናት። በጥቂት ብሎክ ልዩነት ግብሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ፖሊሱም ይለያያል። ኤጀንትሽ ይህን በቃል ቢነግርሽ አትመኚ፣ በአድራሻው ራስሽ ፈልጊ።

ቀጥሎ ታሪካዊው ክልል ውስጥ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከተማው በሙሉ ሒስቶሪክ አይደለም። ክልሉ ውስጥ ከሆነ ቤቱ ምን ተብሎ እንደተመዘገበ ይታወቃል። «አውትስታንዲንግ» የተባለው ላይ ቁጥጥሩ ጠበቅ ይላል፣ «ኮንትሪቢውቲንግ» የተባለው ላይ ላላ ይላል፣ «ነን ኮንትሪቢውቲንግ» ከሆነ ደግሞ ብዙም አያስቸግርሽም። መስኮት፣ በረንዳ፣ የውጭ ግድግዳ ልባስ፣ አጥር፣ አዲስ ተጨማሪ ክፍል፣ ይህ ሁሉ ከካውንቲው የታሪካዊ ቅርስ ኮሚሽን ፈቃድ ይፈልጋል። ውስጡን ግን እንደፈለግሽ አድርጊው። ኪችኑን ብታፈርሺ፣ ሻወሩን ብታዞሪ ኮሚሽኑ ጉዳዩ አይደለም፤ የተለመደው የግንባታ ፈቃድ ብቻ ነው። ኮሚሽኑ ዓይኑ ያለው ከመንገድ በሚታየው ላይ ነው። ስለዚህ ከጀርባ በኩል ክፍል መጨመር ከፊት ለፊት በረንዳ ከመንካት በጣም ይቀላል።

ሳያስፈቅድ የሠራ ሰው ቅጣት አለበት፣ የሠራውንም መልስ ሊባል ይችላል። ሰፈሬ ውስጥ አንድ ቤት የእንጨት መስኮቶቹን በርካሽ ፕላስቲክ ቀይሮ ብዙ ጣጣ ውስጥ ገብቷል። ስልክ ደውሎ የጠቆመው ማን እንደሆነ ሁላችንም እንጠረጥራለን፣ ማንም አይናገርም።

ብዙ ሐበሻ የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። በዚህ ክልል ያለ ቤት ላይ ለተፈቀደ የውጭ ጥገና ካወጣሽው ገንዘብ ካውንቲው 25 በመቶውን ከንብረት ግብርሽ ላይ ይቀንስልሻል። ጣሪያ፣ በረንዳ፣ የውጭ ቀለም፣ የመስኮት እድሳት ይገባሉ። ደረሰኝ መያዝና ማመልከት ያንቺ ፋንታ ነው። ፍሬድሪክ ያለው አዲስ ቤት ይህ የለውም፤ እዚያ ደግሞ ኤችኦኤ የሚሉት የቤት ባለቤቶች ማኅበር አለ፣ እሱም የበርሽን ቀለም ሊመርጥልሽ ይችላል። ዘመድሽ ይህን አልነገረሽም አይደል?

የዛፉ ነገር ግን ታሪካዊ ሆነ አልሆነ ከተማው ውስጥ ሁሉም ላይ ነው። የግንዱ ዙሪያ 24 ኢንች የሞላ ዛፍ፣ በራስሽ ግቢ ውስጥ ያለም ቢሆን፣ ያለ ከተማው ፈቃድ አይቆረጥም። ዙሪያው ነው፣ ውፍረቱ አይደለም፤ ያን ያህል ትልቅ ዛፍ እንዳይመስልሽ። ሥሩ አጠገብ መቆፈርም ያስጠይቃል። ግቢው ውስጥ መኪና ማቆሚያ እንሠራለን ብላችሁ አስባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ዛፎቹን ቁጠሩ። እኔ በግሌ ደንቡን እወደዋለሁ። ሐምሌ ላይ ከሜትሮ ወደ ቤት ስትሄጂ ጥላው ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል። ጣሪያሽ ላይ የተጋደመ ኦክ ካለ ግን ፍቅሩ ይቀንሳል።

ግብር። እዚህ ላይ ቆም በዪ። ከካውንቲው ግብር ሌላ ከተማው የራሱን ያስከፍላል፤ ከ100 ዶላር የቤት ግምት ላይ ከ50 ሳንቲም በላይ። ቤቱ 700 ሺህ ቢገመት ከ3,500 ዶላር በላይ በዓመት ለከተማው ብቻ ነው። በዚያ ገንዘብ የራሱ ፖሊስ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቆሻሻ መሰብሰቢያ አለው። የሚብሰው ግን ይህ ነው፦ ማስታወቂያው ላይ የምታዪው የግብር መጠን የሻጩ እንጂ ያንቺ አይደለም። ሜሪላንድ ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት የሚታሰበው ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ትገድባለች። ሻጩ ሃያ ዓመት ከኖረ ግብሩ በዚህ ምክንያት ዝቅ ብሎ ይሆናል። ቤቱ ሲሸጥ ያ ከለላ ይጠፋና አንቺ በሙሉ ግምት ትጀምሪያለሽ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ድረ ገጽ ላይ የአዲሱን ገዢ ግብር የሚያሰላ ገጽ አለ፤ አድራሻውን አስገቢና በዚያ ቁጥር ወርሃዊ ክፍያችሁን አስቡ። ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ያ ከለላ ለእናንተም እንዲጀምር ማመልከቻውን ሙሉ፤ አንድ ጊዜ ነው የሚሞላው።

ስለ ቤቱ ሆድ ዕቃ። መቶ ዓመት የሆነው ቤት ከላይ ተቀብቶ ያምራል። ኢንስፔክሽን (የቤቱን ምርመራ) ትተው ኦፈር (የመግዣ ዋጋ) የሚያስገቡ አሉ፣ ሌላውን ገዢ ለማሸነፍ ሲሉ። አትከተዪአቸው። ሻጩ ከፈቀደ ኦፈር ከማስገባትሽ በፊት ኢንስፔክተር ይዘሽ ግቢ። የፍሳሽ መስመሩን በካሜራ አሳዪ፤ የድሮው የሸክላ ቱቦ ነው፣ ያ የምንወደው ዛፍ ሥሩን የሚያስገባው እዚያ ውስጥ ነው፣ በግቢሽ ውስጥ ያለው መስመር ደግሞ ያንቺ ዕዳ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦው «ኖብ ኤንድ ቲዩብ» የሚሉት ጥንታዊው ከሆነ ኢንሹራንስ ይቸግራል። መሬት ውስጥ የተቀበረ የነዳጅ ታንክ መኖሩን ጠይቂ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ስለሆነ የሊድ (እርሳስ ያለበት፣ ለልጆች መርዝ የሆነ) ቀለም አለ ብለሽ ተነሺ፤ ልጆችሽ ትንንሾች ናቸው ብለሻልና መስኮት የሚከፈትበትን ቦታ በደንብ አሳዪ። ራዶን (ከመሬት የሚወጣ ጎጂ ጋዝ) ደግሞ በዚህ ካውንቲ ቤት ሲሸጥ መለካት ግዴታ ነው፤ ውጤቱን ጠይቂ።

«ቤዝመንቱን (ምድር ቤቱን) አከራይተን ሞርጌጁን (የቤቱን ብድር) እናግዛለን» ብለሻል። ይቻላል። ግን ከተማው ለማከራየት ላይሰንስ (ፈቃድ) ይጠይቃል፣ ቤቱም ይመረመራል፤ መስኮቱ ለመውጫ የማይበቃ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤዝመንት አያልፍም። ከ1981 ጀምሮ የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግም አለ። ያንቺ ዓይነቱ ክፍል በሕጉ ውስጥ ይግባ አይግባ ከከተማው የቤቶች ቢሮ በጽሑፍ ተቀበዪ። ላይሰንሱን ሳታገኚ የኪራዩን ገቢ በወርሃዊው ስሌት ውስጥ አታስገቢው።

ዳውን ፔይመንቱ (ቅድሚያ ክፍያው) ከእቁብ ነው የሚመጣው ካልሽ ደግሞ ጊዜውን አስቢበት። ባንኩ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ስቴትመንት ያያል፣ ትልቅ ገንዘብ በአንዴ ከገባ ከየት መጣ ይላል። እቁብ ምንድን ነው ብለሽ ለባንኩ የብድር ሠራተኛ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዕጣሽ ቀደም ብሎ ቢወጣና ገንዘቡ አካውንትሽ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል። ወንድምሽ የሚሰጥሽ ካለ የማይመለስ ስጦታ ነው ብሎ የሚፈርመው ደብዳቤ አለ።

ልዩ ልዩ ሕዝብ አለበት ስለሚባለው እውነቱን ልንገርሽ። አለበት፣ ግን አልተደባለቀም። ሜፕል አቬኑ አፓርታማዎች ውስጥ እኛ ሐበሾች አለን፣ ኒው ሃምፕሻየርና ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ መገናኛ ላይ ሳልቫዶሩም ምዕራብ አፍሪካዊውም ካሪቢያኑም ይነግዳል። ትልልቆቹ ቤቶች ባሉበት ካሮል አቬኑ አካባቢ ግን አብዛኛው ጎረቤትሽ ነጭ ይሆናል። ሰላምተኞች ናቸው። ቤታችን ለቅሶ የገባ ጊዜ መንገዱ በመኪና ተዘጋ፣ መንገዶቹ ጠባብ ናቸውና፤ ሰው ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ አንዷ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብላ መጥታ ወንበር አዋሰችን። ሆኖም ልጆቼ ከአፓርታማ ጓደኞቻቸው ጋር የሚገናኙት ትምህርት ቤት ነው እንጂ ሰፈር ውስጥ አይደለም።

ትምህርት ቤቱን በአድራሻ አረጋግጪ። ታኮማ ፓርክ ሚድል ስኩል ያለው የሒሳብና ሳይንስ ማግኔት (ልዩ ፕሮግራም) ተመርጦ የሚገባበት ነው፣ ሰፈሩ ውስጥ መኖር ብቻውን አያስገባም።

ባለቤትሽ ገና ግሪን ካርድ ላይ ነው ብለሻል። ከተማው ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ እንዲመርጥ ይፈቅዳል፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ 16 ዓመት የሞላቸው ይመርጣሉ። ከፈለገ በከተማው በራሱ ፎርም ብቻ ይመዝገብ፤ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ወይም የስቴቱ ምዝገባ ላይ በፍጹም እንዳይፈርም፣ በኋላ ለዜግነት ማመልከቻው ችግር ይሆናል። ከዚያ በፊት ጠበቃውን ይጠይቅ።

እኔ ብሆን? ቤቱ «ኮንትሪቢውቲንግ» ከሆነ፣ ቱቦና ሽቦው ደህና ከሆነ፣ አዲሱ ግብር ተሰልቶ ከቻላችሁት እገዛዋለሁ። «አውትስታንዲንግ» ሆኖ ልታሰፉት ካሰባችሁ ግን ሌላ ፈልጉ። የቤቱን ምዝገባና የካሜራውን ውጤት ስታገኚ እዚሁ ሥር ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ስልኩን የያዘው ኤጀንት እስከዚያ ይጠብቅ።