መልስ፦ ነፃነት ነው ወይስ ጥጋብ?

ወንድሜ፣ «ቤተሰብ ሳላስፈቅድ ሥራ ብቀይር ነፃነት ነው ወይስ ጥጋብ?» ላልከው፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 24 ማንም ሰው ስብዕናውን በነፃ የማሳደግ መብት አለው ይላል፤ የሌላውን መብት እስካልነካ ድረስ። ብዙ ሰው ይህቺን ንዑስ አንቀጽ ልብ አይላትም። የአባትህ ቅሬታ መብት መነካት አይደለም። ቅሬታ ነው።

እኔ የሒሳብ ሥራዬን ትቼ ፒያሳ ሰዓት ጥገና ልማር ስገባ እናቴ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። የመጀመሪያውን ቀን የጠፋች ብሎን ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ በወረንጦ ስፈልግ ዋልኩ። (አለቃዬ ማኪያቶውን እየጠጣ ያየኛል እንጂ አያግዘኝም!) ማንም አላስገደደኝም፤ ስለዚህ የማማርርበት ሰው አጣሁ። ከባዱ እሱ ነው።

የቤት ኪራይ የምትካፈል ከሆነ ግን ቀድመህ ንገራቸው። እዚያ ላይ የእነሱም ኪስ አለበት።