በጋ ላይ ጣናን ቀዝፋችሁ የውሃ ወፍ ለማየት ለምትወጡ

ልጆቼ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ታንኳ ይዛችሁ ለመውጣት ካሰባችሁ ከወፉ በፊት ነፋሱን እወቁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከባሕር ዳር ተነሡ፤ 4 ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ የብስ ላይ ሁኑ። ሌሊት የብሱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ማለዳ ላይ ቀለል ያለ ነፋስ ከከተማው ወደ ሐይቁ ይነፍሳል፤ ሳይታወቃችሁ ወደ ውስጥ ይገፋችኋል። መቅዘፉ እጅግ ከቀለላችሁ ያን ጊዜ ዙሩ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይገለበጥና ማዕበል ያስነሣል።

የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፣ በጠጣም ቁጥር ዝቅ ይላል። ውሃ ላይ ያደረውን ትታችሁ ዳር ወጥቶ የደረቀውን ውሰዱ። ዋና ብትችሉም ላይፍ ጃኬት ልበሱ።

በዓባይ መውጫ በኩል ጉማሬ አለ። ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውሃ ስለሚመለስ ደንገሉን ታካችሁ አትለፉ፤ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከልም ፈጽሞ አትግቡ።

ወፉ ላይ በቀጥታ አትቅዘፉ፤ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ በሰያፍ ቅረቡ። ወፍ ሲጨነቅ መጀመሪያ መልቀሙን ያቆማል፣ ቀጥሎ አንገቱን ይመዝዛል፣ ከዚያ መራመድ ይጀምራል። አንገቱ ሲመዘዝ መቅዘፊያውን አንሡና ተረጋጉ። ከአውሮፓና ከእስያ የመጡት በመጋቢት ለሚጀምሩት የመልስ ጉዞ ስብ የሚያከማቹት እዚህ ነው፤ ያለምክንያት ባስነሣችኋቸው ቁጥር ያንኑ ስብ ታስጨርሷቸዋላችሁ። ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳታዩት እለምናችኋለሁ።

ዝም ብላችሁ ከቆማችሁ ብዙ ታያላችሁ። ጣቶቿ እጅግ የረዘሙት ጃካና በውሃ አበባ ቅጠል ላይ ትራመዳለች፤ የቅጠሉን ጠርዝ በመንቆሯ ገልበጥ አድርጋ ከሥሩ ነፍሳት ትለቅማለች። ነጫጭ ፔሊካኖች ግማሽ ክብ ሠርተው ዓሣውን ይነዱና መንቆራቸውን በአንድ ጊዜ ይነክራሉ። ሐይቁ እስከ ሰኔ ድረስ እየሸሸ ስለሚሄድ የሚገለጠውን ጭቃ ረጃጅም እግር ያላቸው ለቃሚ ወፎች ይወሩታል።

ባይናኩላሩ (የሩቅ ማያ መነጽሩ) 8 በ42 ይሁን፣ ማለትም 8 ጊዜ የሚያጎላና የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊሜትር የሆነ፤ 10 ጊዜ የሚያጎላው ታንኳ ላይ የእጅንም መንቀጥቀጥ ያጎላዋል። ዳር ላይ ውሃ ውስጥ ስትወርዱ ቦት አድርጉ፣ ቢልሃርዚያ አለ።

ያያችሁትን እዚያው ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ነፋስ፣ የወፉ ዓይነት፣ ብዛት። በአፍሪካ የውሃ ወፍ ቆጠራ በየዓመቱ በጥር አካባቢ ይካሄዳልና ቦታና ሰዓቱ የተጻፈበት መዝገብ ለቆጣሪዎቹ ይጠቅማል። መንጋው ትልቅ ከሆነ አሥሩን ቆጥራችሁ የያዙትን ስፋት በዓይናችሁ ያዙ፤ ያ ስፋት በመንጋው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ቁጠሩ። ግምት ከሆነም «ግምት» ብላችሁ ጻፉበት።