አባቴን ወረቀቱ ላይ አላገኘሁትም

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። የቀብሩ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ የት እንደተማረ፣ ምን ሥልጠና እንደወሰደ፣ ስንት ምስክር ወረቀት እንዳገኘ ይዘረዝራል። ሐሰት የለበትም፤ አባቴን ግን አላገኘሁበትም። ለሙት ዓመቱ እኔው እንደገና ልጽፈው ነው። ጥምቀት ሲመጣ እኛ ወደ ፋሲለደስ ስንወርድ እሱ ሁልጊዜ ተረኛ ነበር። ማታ ሲገባ ታዲያ ጫማዬን አውልቆ አቧራ የጠጣ እግሬን ያጥብልኝ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ይጻፋል? ቤት አለመኖሩንስ ልተወው?
— ከአዘዞ

መልስ፦ ልጄ፣ እግዜር ያጥናሽ። ይጻፋል እንጂ! እንዲያውም እግርሽን ካጠቡበት ጀምሪ።

እኔ ኦፕራሲዮን ክፍል መሣሪያ በማቀበል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አብሬያቸው ከቆምኩ ሐኪሞች አንዱ ዛሬ በሕይወት የሉም። እሳቸውን ሳስብ ድግሪያቸው ትዝ ብሎኝ አያውቅም፤ ትዝ የሚለኝ አንድ ሌሊት ነው። ከወገራ በቃሬዛ የመጣ ገበሬ ነበር። በእኛ ደጋ የአንጀት መጠምዘዝ ይበዛል፤ በሽተኛው ሆዱ ተነፍቶ፣ ፈስም ሰገራም እምቢ ብሎት ይመጣል። ቶሎ ከደረሰ በፊንጢጣ ቱቦ ገብቶ አየሩ ሲወጣ ለጊዜው ይቀለዋል። ከዘገየ ደም ያጣው አንጀት ይጠቁራል፤ የጠቆረው ተቆርጦ መውጣት አለበት። የዚያ ሰው ጠቁሮ ነበር።

ሥራው አልቆ ሆዱ ሊሰፋ ሲል ጎዝ፣ ማለት ደም የምንጠርግበትን ጨርቅ፣ ቆጠርኩ፤ አንድ ጎደለ። ቆጠራው ሳይሞላ ሆድ አይዘጋም። የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው መርፌውን አኖሩና «ሲስተር፣ ቀስ ብለሽ እንደገና ቁጠሪ፤ እኔ የትም አልሄድም» አሉኝ። ትንሹ ልጃቸው ትኩሳት እንደያዘው ከቤት መልእክት መጥቶላቸው ነበር፤ ሰምተው ነው የቆሙት። ጎዙ ከባልዲው ሥር ተጣብቆ ተገኘ። ሰፍተው ጨረሱ፣ በሽተኛው ሲነቃ አዩ፣ ከዚያ ጋውናቸውን አውልቀው በኮሪደሩ ሮጡ። ሐኪሙን ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከገበሬው አልጋ ጫፍ ተቀምጠው «አባቴ፣ አየር ወጣ?» አሉት። «ወጣ» ሲላቸው ወደኔ ዞረው «የኔም ልጅ ዛሬ ገንፎ በላ» አሉኝ። እኔ ይህን ይዤ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ፤ ከተነበበው ወረቀት ላይ ግን አልነበረም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አለመኖራቸውን አትተዪው። አትውቀሺበት፣ አታሳምሪውም፤ እንደነበረ ጻፊው። በየትኛው ጥምቀት ማን ታሞ እንዳስቀራቸው አብረዋቸው የሠሩትን ጠይቂ። ሐኪሞቹን ብቻ አይደለም፤ ጽዳቷን፣ ዘበኛውን፣ የአምቡላንሱን ሹፌር፣ ካርድ ክፍል የነበረችውን ጠይቂ። «ጥሩ ሰው ነበሩ» ሲሉሽ ደብተርሽን አትክደኚ፤ «እስቲ አንዱን ቀን ንገሩኝ» በያቸው።

ትምህርታቸውንም አታውጪው፤ አሳጥሪው እንጂ። ጎንደር ከተማሩ ዓመቱን አጣሪ። የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የሚያሠለጥነው ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) ነበር፤ የሐኪምነት ትምህርት የመጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ከቀደሙት ሐኪሞች በጤና መኮንንነት ገጠር ሠርተው ኋላ ሕክምና የተማሩ አሉ። አባትሽ እንዲያ ከሆኑ የጤና ጣቢያውን ስም ሳትጽፊ አትለፊ፤ ያገሩ ሰው ሲሰማው ያውቃቸዋል።

ርዝመቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ በሙት ዓመት ድንኳን ውስጥ ሽማግሌ ይደክመዋል። ስትጨርሺ መጀመሪያ ለእናትሽ ብቻ አንብቢላት። «ኧረ እንዲያ አይደለም፣ እንዲህ ነበር» ብላ ያቋረጠችሽ ቦታ ላይ እርሳስሽን አንሺና እሷ ያለችውን ጻፊ።