የቀጠነ ጭንና የሆርሞን መርፌ

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ወንድ ነኝ። ኳስ ስጫወት የተበጠሰው የጉልበቴ ጅማት በቀዶ ሕክምና ከተተካ 2 ወር ሆኖታል። የዚያ እግሬ ጭን በጣም ቀጥኗል፤ ሱሪ ስለብስ እንኳ ያስታውቃል። ጓደኛዬ ቴስቶስትሮን ተወጋ ይለኛል። ልወጋ?

መልስ፦ የጭንዎ መቅጠን ብቻውን የሆርሞን እጥረት ምልክት አይደለም። ያበጠ ጉልበት በነርቭ በኩል የፊተኛው የጭን ጡንቻ በሙሉ ኃይሉ እንዳይኮማተር ስለሚያግደው፣ ጡንቻው ሥራ ፈትቶ ይሟሽሻል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመና በ13 ወንዶች ላይ ብቻ በተደረገ አነስተኛ ጥናት፣ በቀዶ ሕክምናው ሰሞን ለ8 ሳምንታት ቴስቶስትሮን የተወጉት ስብ ያልሆነው የሰውነታቸው ክብደት ቢጨምርም፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ጉልበት በመዘርጋት ኃይል ግን ካልተወጉት ብልጫ አላሳዩም፤ እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ ኃይሉን ይመስለኛል። ከውጭ የሚገባው ሆርሞን የራስዎን ምርት ያዳክማል፣ የወንድ ዘርን ይቀንሳል፣ ደምንም ያወፍራል። በውድድር የሚጫወቱ ከሆነማ በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ ምንጊዜም የተከለከለ ነው።

ይልቅስ የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበትዎ ሥር አድርገው ወደ ታች ይጫኑ፤ ከጉልበት ሎሚዎ በላይ ያለው ጡንቻ ጠንከር ካላለ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎ ይንገሩ፣ በኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ሊያግዝዎት ይችላል።