ጥያቄና መልስ፦ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በጠሩት ሰላማዊ ሰልፍ መውጣት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በሰፈራችን ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን መስጊዳቸው ስለፈረሰባቸው ሰላማዊ ሰልፍ ሊወጡ ነው። «እናንተም አብራችሁን ቁሙ» ብለውናል። በ2015 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን ስትጠራን ጥቁር ለብሼ ነበር፤ አሁን ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ። አባቴም «ክርስቲያን ይጸልያል እንጂ ሰልፍ አይወጣም፤ ደግሞም የእኛ ጉዳይ አይደለም» ይላሉ። ብሄድ ሃይማኖቴን መካድ ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መካድ አይሆንብህም። ለተበደለ ሰው መቆም ሌላ፣ እምነቱን መቀበል ሌላ።

አባትህ ስለ ጸሎት ያሉት እውነት ነው፤ ጸሎት ይቀድማል። የሚጸልይ ሰው ግን በደልን በደል ከማለት አይከለከልም። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ አጸፋ አልመለሰም፤ ዝምም አላለም። «መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠየቀ (ዮሐ. 18፥23)። ቅዱስ ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተደብድቦ ከታሰረ በኋላ በስውር ሊያስወጡት ቢፈልጉ እንቢ አለ፤ ገዥዎቹ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ (ሐዋ. 16፥37)። እጅ ሳያነሡ በደልን በአደባባይ መጠየቅ እንግዲህ ከሐዋርያት የመጣ ነገር ነው።

«የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚለው ግን ያሳስበኛል። መጽሐፍ «አፍህን ስለ ዲዳው ክፈት» ሲል (ምሳ. 31፥8) ዲዳው የማን ወገን እንደሆነ አላጣራም። ተመራማሪዎች በማኅበረሰብ ውስጥ ያለውን አለመቻቻል ሲለኩ «የሌላ እምነት ወይም የሌላ ዘር ሰው ጎረቤትህ ቢሆን ትፈቅዳለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንተ ይህን ጥያቄ አልፈሃል፤ በሰላም አብረሃቸው ትኖራለህ። የሚከብደው ቀጣዩ ነው፦ ጎረቤትህ ሲበደልስ አጠገቡ ትቆማለህ? የምንበላውን ሥጋ ልዩነት ጠብቀን በአንድ የለቅሶ ድንኳን እንደምንቀመጥ ሁሉ፣ የእምነቱን ልዩነት ጠብቀን በአንድ ሰልፍ መቆምም ይቻላል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል፤ ሰልፈኛው መቶ ሺህ ገደማ እንደነበር ይነገራል። በዓሎቻቸው በመንግሥት ዘንድ እንዲታወቁ መጠየቃቸውን የደገፈ ክርስቲያን ከክርስትናው የጎደለበት ነገር የለም።

እግርህ ለምን እንዳልታዘዘ ግን መርምር። ፍርሃት ከሆነ አያሳፍርም፤ ሰልፍ ወጥቶ የታሰረም የተጎዳም አለ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ማሰቡ ተገቢ ነው። ከውስጥህ «ይበላቸው» የሚል ድምፅ ከሰማህ ግን ሳትውል ሳታድር ለንስሐ አባትህ ንገር። ለራሱ ወገን ሲሆን ሌላውን ለማስፈራራት የሚወጣም ያው ነው፤ በጥላቻ የወጣውና በጥላቻ የቀረው ሕመማቸው አንድ ነው።

ለመሄድ ከወሰንህ እነዚህን ልብ በል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም ሰልፍ የመውጣት መብትን ይሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ አዘጋጆቹ ዓላማውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጠቅሰው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው። ሕጉ የሚጠይቀው ማሳወቅን ነው፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ እንደ ፈቃድ ስለሚታይ ደብዳቤው መግባቱንና ምን መልስ እንደተሰጠ ጠይቅ። በቴሌግራም የተለቀቀ ጥሪ ብቻ አይተህ አትውጣ። ዱላ አትያዝ፤ መቋሚያም ቢሆን። ለአንተ የማኅሌት ነው፣ ከሩቅ ለሚያይ ፖሊስ ግን ዱላ ነው። ሶላት ከሰገዱ ራቅ ብለህ በጸጥታ ቁም፤ አብሮ መጸለይ ሥርዓታችን አይደለም፣ ጸሎታቸውን መረበሽም ነውር ነው። ቀኑ እሑድ ከሆነ አስቀድሰህ ሂድ።

ሰልፍ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመፈክር ነው። በደሉን የሚናገረውን ተቀበል፤ ሕዝብን ወይም ሃይማኖትን የሚነካውን አትቀበል። «ፍትሕ እንፈልጋለን» እያለ የሚሄድ ሕዝብ አንድ ሰው ከኋላ በሚወረውረው ስድብ ሊለወጥ ይችላል። ያን ጊዜ አፍህን ዝጋ፣ አስተባባሪውን ጥራ፤ ካልበረደ አብረውህ ከመጡት ጋር በዳር በኩል ውጣ። አትሩጥ፤ አንድ ሰው ሲሮጥ ሌላው ምክንያቱን ሳያውቅ ይከተላልና ሰው ይረገጣል። ድንጋይ ቢወረወርብህም አትመልስ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ387 የአንጾኪያ ሕዝብ ግብር ከበደን ብሎ ተነሥቶ የንጉሡን የቴዎዶስዮስን ሐውልቶች ሰባበረ፤ ብዙዎች ታሰሩ፣ የተገደሉም አሉ። ኤጲስ ቆጶሱ ፍላብያኖስ በእርጅናቸው ምሕረት ሊለምኑ ቁስጥንጥንያ ድረስ ተጓዙ፤ ዮሐንስ አፈወርቅም ያን ዐቢይ ጾም የተሸበረውን ሕዝብ ሲያስተምርና ሲያጽናና ከረመ። የግብሩ አቤቱታ በሐውልቱ ነገር ተዋጠ።

አንተ ራስህ ያለፍክበትን ደግሞ አስብ። በ2015 ዓ.ም. ከጥር 29 እስከ የካቲት 1 በጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሰን ጸለይን። ለየካቲት 5 የተጠራውን ሰልፍ፣ ከመንግሥት ጋር ንግግር በመደረጉ፣ ቅዱስ ሲኖዶስ ሲያስተላልፈው ሕዝቡ ታዘዘ። በቁጣ ጊዜ ቅሩ ሲባል መቅረት ከመውጣት ይከብዳል፤ የምትሄድበት ሰልፍ አዘጋጆችም ተመለሱ ቢሉ ተመለስ።

አባትህን ሳትነግራቸው አትውጣ። ከነገርካቸው በኋላም ካልተዋጠላቸው አትሟገታቸው፤ ጎረቤቶችህ ቤት ገብተህ የደረሰባቸውን ከራሳቸው አፍ ስማ፣ አቤቱታ ካዘጋጁ ፈርም። ወረዳ አቤት ሊሉ ሲሄዱ አባትህ የሰፈር ሽማግሌ ሆነው አብረዋቸው እንዲገቡ ለምናቸው። ሰልፍ የማይወዱ አባት ለሽምግልና እንቢ ላይሉ ይችላሉ።